ከካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር፦ የማኅበረሰብ ክሊኒኮች የሕክምና መዝገባቸውን ሲቀይሩ የሚቀየረው ምንድን ነው?

ካርድ ቁጥሩ የጠፋበት ታካሚ ወደ ክሊኒክ ሲመጣ የሚሆነው ነገር በየትኛውም አገር ተመሳሳይ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መደርደሪያውን ለጥቂት ደቂቃ ያገላብጣል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ በመጨረሻ አዲስ ካርድ ይከፈትለታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ ሰው ለክሊኒኩ እንግዳ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፔኒሲሊን ተወግቶ ፊቱ እንዳበጠ የተጻፈበት ገጽ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ አዲሱ ካርድ ደግሞ ባዶውን ወደ ምርመራ ክፍል ይገባል። የቀድሞውን ታሪክ የሚያውቀው ታካሚው ብቻ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የመድኃኒቱን ስም አያስታውስም።

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በመጀመሪያ የሚመልሰው ይህን ችግር ነው። ይሁን እንጂ ወደ እርሱ የሚሸጋገሩ ክሊኒኮች ጉዳዩን ብዙ ጊዜ እንደ ዕቃ ግዢ ይመለከቱታል። ኮምፒውተሩ ይገዛል፣ ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል። በእኔ እምነት ከሚገጥሙት ውድቀቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ አመለካከት ነው። መዝገቡ ሲቀየር የሚቀየረው በክሊኒኩ ውስጥ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለማን ጥቅም ሲል እንደሚጽፍ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተገዛ ሶፍትዌር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

በቅድሚያ ስለ ምንነቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር ማስቀመጥ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አያሰኝም፤ የሐኪሙን ማስታወሻ በኪቦርድ መተየብም ብቻውን አይበቃም። ቁም ነገሩ መረጃው ተለያይቶ በየቦታው መቀመጡ ነው። የደም ግፊት መጠን በራሱ ሳጥን፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ በየሳጥናቸው፣ የአለርጂ ታሪክ ደግሞ ሁልጊዜ በሚታይበት ስፍራ ይገባል። መረጃው እንዲህ ሲቀመጥ ኮምፒውተሩ ሊያሰላው፣ ሊያነጻጽረው፣ ሊያስታውሰውም ይችላል። «ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ለክትትል ያልመጡ የስኳር ሕመምተኞች እነማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ በወረቀት መልስ ለማግኘት መደርደሪያውን ሁሉ ማገላበጥ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲገኝም ጊዜው አልፎበታል። በደንብ በተደራጀ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦችን ዓመት እስከ ዓመት ለሚከታተል፣ ክትባትና የእርግዝና ክትትል የዕለት ሥራው ለሆነ ክሊኒክ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ሆስፒታል ታካሚውን አስተኝቶ ያክማል፤ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ግን በቀጠሮው ቀን ያልመጣውንም ሰው ማወቅ አለበት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሎረንስ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1968 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና መዝገብ በታካሚው ችግሮች ዙሪያ መደራጀት እንዳለበት ተከራክረዋል፤ ዛሬ ባለሙያዎች የታካሚውን ቃል፣ የምርመራውን ግኝት፣ ግምገማውንና ዕቅዱን በቅደም ተከተል የሚጽፉበት ልማድ ከዚያ የመነጨ ነው። በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው የሪገንስትሪፍ ተቋም በ1972 ከቀደምቶቹ የኮምፒውተር መዝገቦች አንዱን ሥራ ላይ አዋለ። ለማኅበረሰብ ክሊኒክ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ነው። በምዕራብ ኬንያ ገጠር በሚገኘው የሞሶሪዮት ጤና ጣቢያ በ2001 የተጀመረው መዝገብ፣ በዓለም ላይ በብዙ አገሮች ለሚሠራበትና ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ለሚችለው ኦፕን ኤም አር ኤስ ለተባለው ሶፍትዌር መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

የሞሶሪዮቱ አሠራር ዛሬም ትምህርት ይሰጣል። ሐኪሙና ነርሷ ኮምፒውተር ፊት አልተቀመጡም። ታካሚው ሲመዘገብ አንድ ገጽ ፎርም ይሰጠዋል፤ ፎርሙን ይዞ ከምርመራ ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ መድኃኒት ክፍል ይሄዳል፤ ባለሙያዎቹ በየደረጃው በእጃቸው ይሞሉታል፤ ሲወጣ የመረጃ ሠራተኛ ወደ ኮምፒውተር ያስገባዋል። ማሽኖቹ ከሁለት አይበልጡም ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የፀሐይ ኃይልና የባትሪ መጠባበቂያ ነበራቸው። በ2003 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው የታካሚው ጉብኝት በ22 በመቶ አጠረ፣ ባለሙያው በአንድ ታካሚ ላይ የሚያጠፋው ጊዜም በ58 በመቶ ቀነሰ። የወረፋ ጊዜም በ38 በመቶ ቀንሶ ታይቷል፤ ይህኛው ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ብዙም ጠንካራ አልነበረም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን የተመዘገበ ሌላ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ሠራተኞቹ ከታካሚዎች ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ በግማሽ ቀንሶ ተገኘ፤ የተረፈው ጊዜ ከፊሉ ለግል ጉዳይ ውሏል። ይህን የምጠቅሰው ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ የተቆጠበው ጊዜ ምን ላይ መዋል እንዳለበት ግን አይወስንም። ነርሷ ቀድሞ መዝገብ በማመሳከር የምታሳልፈውን ሰዓት ለእናቶች ምክር ትስጠው የሚለውን መወሰን የኃላፊዎች ድርሻ ነው፤ ካልወሰኑት ማንም አይወስነውም።

ባለሙያው ራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፍ ሲደረግ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያጋድላል። በአሜሪካ የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ በመዝገቡና በጽሕፈት ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። ምክንያቱ የሐኪሞቹ የትየባ ፍጥነት ብቻ አይደለም። መዝገቡ አንዴ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ የሂሳብ ክፍሉ አንድ ሳጥን፣ ኢንሹራንሱ ሌላ፣ የመንግሥት ሪፖርት አዘጋጁ ሦስተኛ ሳጥን ያስጨምራሉ። እያንዳንዳቸው የሚጠይቁት ትንሽ ነገር ነው፤ ሁሉም ተደምሮ የሚያርፈው ግን ታካሚ ፊት በተቀመጠው አንድ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ክሊኒክ ፎርሞቹን ሲነድፍ ስለ እያንዳንዱ ሳጥን «ይህን የሚሞላው ባለሙያ ዛሬ፣ እዚሁ ምርመራ ክፍል ውስጥ ይጠቀምበታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። መልሱ «አይ» ከሆነ ሳጥኑ ይውጣ፤ ወይም ሌላ ሰው ይሙላው። ከምዝገባ ሠራተኛው ሊገኝ የሚችለውን አድራሻና ስልክ ሐኪሙን ማስጻፍ የባለሙያ ሰዓት ማባከን ነው።

ያው ሶፍትዌር በተለያየ አገባብ ምን ያህል የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ታሪኩ የሆስፒታል ቢሆንም ለትንሽ ክሊኒክም ይጠቅማል። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የሐኪም ትእዛዝ በኮምፒውተር እንዲገባ የሚያደርገውን ሥርዓት በስድስት ቀን ውስጥ በመላው ተቋም አስጀመረ። በ2005 የታተመው ጥናት፣ ከሌላ ቦታ ተልከው ከመጡ ሕፃናት መካከል የሞቱት ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ ከፍ ማለታቸውን ዘገበ። ቀድሞ ሕፃኑ በአምቡላንስ መንገድ ላይ ሳለ ትእዛዞቹ ይዘጋጁለት ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ግን ታካሚው ደርሶ ሳይመዘገብ ትእዛዝ አይቀበልም ነበር። መድኃኒቶች ከየክፍሉ ተነሥተው በማዕከላዊው መድኃኒት ክፍል በኩል እንዲያልፉ ተደረገ፤ ሐኪሞችም ከአልጋው ዳር ወደ ኮምፒውተሩ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት በሲያትል ያለ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል የዚያኑ አምራች ሥርዓት ማስገባቱን አሳወቀ፤ ሞት ግን አልጨመረም። በ2010 ደግሞ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ዓይነት ሥርዓት ከገባ በኋላ ሞት በ20 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። እነዚህ ሁሉ በፊትና በኋላ የተወሰዱ ንጽጽሮች በመሆናቸው ለውጡን ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተሩ ሥራ ማድረግ አይቻልም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ሥራ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሳይጠና፣ በተለይም በጥድፊያ ሰዓት ሰዎች ደንቡን አልፈው እንዴት ይተባበሩ እንደነበር ሳይታወቅ የገባ ሥርዓት ሕይወት ያድን የነበረውን ያልተጻፈ ልማድ አብሮ ያጠፋዋል።

ከዚህ በመነሣት ሥርዓቱን ለማስጀመር የሚዘጋጅ ክሊኒክ የመጀመሪያ ሥራው ግዢ መሆን የለበትም። አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ታካሚው ከበር እስከ በር የሚሄድበትን መንገድ ለጥቂት ቀናት አብሮ ይከተል። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪሙ የሚመለሰው በማን እጅ ነው? ነርሷ አስቸኳይ ታካሚ ሲመጣ ማንን ትጠራለች? መድኃኒት ሲያልቅ ለሐኪሙ የሚነገረው እንዴት ነው? ብዙ ክሊኒኮች እንዲህ ያለ ምልከታ ሲያደርጉ ኮምፒውተር ሳያስፈልግ ሊስተካከል የሚችል ነገር ያገኛሉ፤ ይህም አንድ ትርፍ ነው። የተበላሸ አሠራር ኮምፒውተር ሲገባበት ፈጥኖ የሚበላሽ አሠራር ይሆናል።

የሽግግሩ ወራት የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው ይዘገያል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅና የቀጠሮ ቁጥርን መቀነስ፣ ወይም ተጨማሪ ሰው መመደብ ይገባል። ይበልጥ አደገኛ የሆነው ግን ድርብ ሥራ ነው። ለጥንቃቄ ሲባል ወረቀቱም ኮምፒውተሩም ለጊዜው አብረው እንዲቀጥሉ ይወሰናል፤ «ለጊዜው» የተባለውም ዓመት ያስቆጥራል። ባለሙያው አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አንዱን በጥንቃቄ፣ ሌላውን ለይምሰል ይሞላል፤ ለይምሰል የሚሞላው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አዲሱ ነው። ከዚያ «የኮምፒውተሩ መረጃ አይታመንም» ይባልና ወረቀቱ እንዲቆይ ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍል ወረቀቱ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ቆርጦ ማሳወቅ ነው። አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የእናቶች ክትትል፣ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ቢሸጋገርና ሌሎቹ ቢከተሉ፣ ሁሉም ክፍል በግማሽ ከሚሸጋገር ይሻላል።

የቀድሞው ካርድስ? ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት መሞከር ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ ከመደርደሪያው ካርዶች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ባለቤቶቻቸው ዳግም አይመጡም። ታካሚው ሲመጣ የአለርጂ ታሪኩ፣ የማይለቁት ሕመሞቹ፣ እየወሰዳቸው ያሉ መድኃኒቶችና የክትባት መረጃው ብቻ እንዲገቡ ማድረግና የቀረውን ወረቀት በሥርዓት ማስቀመጥ ይበቃል።

ሰውየውን መለየት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በወረቀት ዘመን አንድ ሰው ሦስት ካርድ እንደነበረው ሁሉ በኮምፒውተርም ሦስት መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ የስም አጻጻፍ ሲለያይ፣ የትውልድ ቀን በግምት ሲሞላ፣ እናት ልጇን ስም ሳይወጣለት ስታስመዘግብ። ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ነው፤ የሁለት ሰዎች ታሪክ በስህተት ሲቀላቀል ያልታመመው ሰው የታማሚውን መድኃኒት ይወርሳል። ስለዚህ በስም ብቻ መፈለግ አይበቃም። ክሊኒኩ የማይደገም ቁጥር መስጠት፣ ሲመዘገብም ስምን ከትውልድ ዓመት፣ ከስልክና ከእናት ስም ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። አዲስ መዝገብ ከመክፈት በፊት ሦስት ጊዜ የሚፈልግ የምዝገባ ሠራተኛ ለመረጃው ጥራት ከውድ ሶፍትዌር ይልቅ ይጠቅማል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንዲህ ያለው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለውና ሥልጠና የማይደርሰው መሆኑ ነው የሚገርመው።

ማስጠንቀቂያም ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ አብረው መወሰድ የሌለባቸውን ሁለት መድኃኒቶች ሲያዝ ኮምፒውተሩ ያስቆመዋል፤ ይህ ከሥርዓቱ ውድ ጥቅሞች አንዱ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ግን ማንም አያነበውም። በ2006 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ከመድኃኒት ደኅንነት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን አልፈው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ክሊኒኩ ለከባድ አደጋ ብቻ የሚጮኹ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችን መርጦ የቀሩትን ዝም ማሰኘት አለበት።

ክሊኒኩ ከሆስፒታል፣ ከላቦራቶሪና ከጤና ቢሮ ጋር የሚነጋገርበት የጋራ ቋንቋ ከሌለ መዝገቡ ደሴት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የተዘጋጁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አሉ። በሽታን በመለያ ቁጥር የሚሰይመው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ አሥራ አንደኛው እትም ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ውሏል፤ ለላቦራቶሪ ምርመራዎች ሎይንክ የተባለው የመለያ ኮድ፣ ሥርዓቶች መረጃ ለሚለዋወጡበት መንገድ ደግሞ ኤች ኤል ሰቨን የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ፋየር የተሰኘው መስፈርት ይገኛሉ። ትንሽ ክሊኒክ የእነዚህን ዝርዝር ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የሚገዛው ሶፍትዌር እንደሚቀበላቸው ማረጋገጥ ግን ግድ ይለዋል። የአሜሪካ ተሞክሮ ምክንያቱን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ መዝገባቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለሚቀይሩ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ማበረታቻ አቀረበ። በ2008 በግል ቢሮ ከሚያክሙ ሐኪሞች 42 በመቶ የሚሆኑት ብቻ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነበራቸው፤ በ2017 ቁጥሩ ወደ 86 በመቶ ደረሰ። ሆኖም ሐኪሞቹ የታካሚ ሰነድ በፋክስ መላላካቸውን አልተዉም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በቅድሚያ መዝገብ አስገዛ እንጂ መዝገቦቹን ወዲያው አላነጋገራቸውም።

የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ሶፍትዌሩ ኢንተርኔት ሲጠፋ በክሊኒኩ ውስጥ መሥራት መቻል አለበት፤ የወረቀት ፎርም በመሳቢያ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ መብራት ሲመጣ ማን እንደሚያስገባው ይታወቃል። መጠባበቂያ ቅጂን በሚመለከት ግን የሚዘነጋ ነገር አለ። ቅጂ መያዝ ብቻውን አያድንም፤ ከቅጂው መዝገቡን መልሶ ማስነሣት እንደሚቻል በየጊዜው መሞከር ይገባል። በግንቦት ወር 2017 ዋናክራይ የተባለው፣ መረጃ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ላይ በደረሰ ጊዜ ከተጠቁት መካከል 595 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ነበሩ። ቀዳዳውን የሚደፍነው የሶፍትዌር ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ግን አልተጫነም ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹን በየጊዜው የማደስ ኃላፊነት በስም ለታወቀ አንድ ሰው መሰጠት አለበት።

የምስጢር ጥበቃ ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደው በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። በትልቅ ከተማ ሆስፒታል የመዝገብ ሠራተኛው ታካሚውን አያውቀውም፤ በማኅበረሰብ ክሊኒክ ግን ጎረቤቱ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ወይም የልጁ መምህር ሊሆን ይችላል። በወረቀት ዘመን አንድ ሰው የሌላውን ካርድ ለማየት መደርደሪያው ድረስ መሄድና መታየት ነበረበት፤ ይህ ድካም ራሱ ጥበቃ ነበር። በኮምፒውተር ስም ጽፎ መፈለግ ይበቃል፤ የሚያየውም የለም። ለዚህ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲያይ መወሰን ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ማየት የለበትም። ሁለተኛው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ የሚመዘግብ ዱካ እንዲኖርና ዱካውን በየወሩ የሚያነብ ሰው እንዲመደብ ማድረግ ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ተራ ልማድ ይፈርሳሉ፤ የአንዱን የይለፍ ቃል ሁሉም ሲጠቀምበት። ሠራተኞች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ሥርዓቱ በየደቂቃው እያስወጣቸው እንደገና ለመግባት ጊዜ ስለሚፈጅባቸው ነው። የይለፍ ቃል መጋራትን በደብዳቤ ከመከልከል ይልቅ የመግቢያውን ሂደት ማፍጠን ይሻላል።

በመጨረሻ የሚታሰበው፣ ነገር ግን በመጀመሪያ መታሰብ የነበረበት የመውጫው ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት ዋጋ ሊጨምር፣ ሊዘጋ ወይም ፕሮጀክቱን የደገፈው ለጋሽ ሊወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ የታካሚዎቹ መረጃ የማን ነው? ውሉ መረጃው የክሊኒኩ መሆኑን፣ ክሊኒኩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሌላ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል መልክ ሻጩ ሙሉ በሙሉ እንደሚያስረክበውና ለዚህም ልዩ ክፍያ እንደማይጠየቅ በግልጽ መናገር አለበት። በውሉ ላይ ከመፈረም በፊት አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ሻጩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ለሙከራ የተሞሉ አሥር መዝገቦችን ከሥርዓቱ አውጥቶ፣ አለርጂው፣ መድኃኒቱና የላቦራቶሪ ውጤቱ ሳይጎድል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ያሳይ። ሰበብ ከደረደረ ሌላ ሻጭ መጥራት ነው።